የልጄን ኮች ለማነጋገር እስከ ዴንቨር

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ በሰላም ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። አንዱ ስለ ፎቁ ይጠይቀኛል፣ አንዱ ስለ መንገዱ፣ የስፖርት መምህሩ ደግሞ «ለመሆኑ እዚያ በኳስ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይሻላሉ የሚባለው እውነት ነው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማውራት አንዴ ጽፌ መገላገል ይሻላል ብዬ ነው ይህን የጀመርኩት። ፎቅ ለማየት የሄደ ሰው የጻፈው እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የሄድኩት ለልጄ ነው። ካየሁት ይልቅ የተናገርኩት ነው እስካሁን የሚከነክነኝ።

ልጄ ማኅሌት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ አስቴርና እኔ ከተለያየን በኋላ አስቴር ዲቪ ደረሳትና ልጅቷን ይዛ ኮሎራዶ ሄደች፤ ከዴንቨር ጋር የተጣበቀች ኦሮራ የምትባል ከተማ ገቡ። ማኅሌት ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ኳስ የጀመረችው እዚያ ነው። እዚያ አገር ኮሌጆች የራሳቸው ቡድን ስላላቸው ከየክለቡ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ይመለምላሉ። የተመለመለች ልጅ ትምህርቷን ኮሌጁ ይችልላታል፤ ያልተመለመለች እንደ ቤተሰቧ አቅም ነው። አስቴር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አዛውንት እያጠበችና እያበላች ነው የምትኖረው፤ አቅሟ ይታወቃል። በጥቅምት ደወለችና «አንድ ኮሌጅ ማሂን እያየ ነው» አለችኝ። «በመጋቢት የኮሌጁ ኮች ጨዋታዋን ልታይ ትመጣለች፤ ከዚያ ቤተሰብ ታነጋግራለች። ቤተሰብ ማለት አንተም ነህ። ከቻልክ ና።» እኛ አሠልጣኝ የምንለውን እነሱ ኮች ነው የሚሉት፤ እኔም ለምጄዋለሁና እንደዚያው ልበል።

ቪዛ ያገኘሁበት ነገር ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነውና እተወዋለሁ።

ሰኞ ከሰዓት ከአዳማ ተነስቼ በፈጣኑ መንገድ ቦሌ ደረስኩ። ሻንጣዬ ውስጥ አስቴር ያዘዘችው ሽሮና በርበሬ አለ፤ ለማኅሌት ደግሞ ከአዳማ ገበያ ታኬታ ገዝቻለሁ። የእግሯን ቁጥር ማንንም አልጠየቅኩም፤ ሻጩ «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» ሲለኝ አሥራ ሰባት አልኩና እሱ ያነሳልኝን ተቀበልኩ።

ማክሰኞ ዋሽንግተን ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ልጄን ኳስ ስትጫወት ለማየት ነው አልኩት። ፈገግ አለና «ምን ቦታ ነው የምትጫወተው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው? እናትሽን ታግዣለሽ?» ስል ኖሬ ልጄ የት ቦታ እንደምትሰለፍ አልጠየቅኩም። «የመጣሁት ይህንኑ ላውቅ ነው» አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ።

የዴንቨር አየር ማረፊያ ጣሪያው ነጭ ሸራ ነው፤ ትልቅ ለቅሶ ላይ የተተከለ ድንኳን ይመስላል። ማኅሌትን ከመውጫው በር ላይ ስፈልግ የጠበቁኝ አንድ ሽበታም ሰው ናቸው። «መምህር ካሣ? እኔ ተስፋይ ነኝ፤ የነአስቴር የድሮ ጎረቤት። ልጅቷ ትሬኒንግ ላይ ናት። ከቀረች ቅዳሜ አያሰልፏትም፤ ቅር እንዳይልህ» አሉኝ። ቅር ብሎኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። ጋሽ ተስፋይ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ተማሪዎች አማርኛ የጠራ ነው። የአየር ማረፊያ ታክሲ ነው የሚነዱት፤ ቶርንተን የምትባል በስተሰሜን ያለች ከተማ ውስጥ ለብቻቸው ይኖራሉ። እኔና አስቴር አንድ ቤት ማደር ስለማይሆንልን ማረፊያዬ እሳቸው ዘንድ እንዲሆን አስቀድመው ተነጋግረዋል።

መንገዳቸው ሰፊ ነው፤ የአዳማን ፈጣን መንገድ ሦስት አድርጋችሁ ጎን ለጎን አስቡት። በስተምዕራብ የተራራ ሰንሰለት አለ፣ በረዶ ለብሷል፤ በስተምሥራቅ ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ ሜዳ ነው። ተራራውን ካየህ አቅጣጫ አይጠፋህም። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍ ያለች ከተማ ናት እየተባለ በየሱቁና በየቆቡ ላይ ተጽፏል። እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና አዳማ እንዲያውም ከዚህ ትንሽ ከፍ እንደምትል ለጋሽ ተስፋይ ነገርኳቸው። ዞር ብለው አዩኝና «ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?» አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ተስፋይ ፉል ሠርተው በትኩስ ዳቦ አቀረቡልኝ፤ ሁዳዴ ስለሆነ በዘይት ነው። ሌላ ምግብ ሲጋብዙኝ እንደ ደንቡ «በቃኝ» አልኩ፤ እሳቸው ግን እንደ ደንቡ ሦስቴ ስለሚለምኑ በልቼ ጠገብኩ። አሜሪካዊ ቤት ብሆን ኖሮ በዚያችው በአንዷ በቃኝ ተርቤ እውል ነበር። ይህን ያን ቀን ለራሴ ቀልድ አድርጌ ነው ያሰብኩት።

ከትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት በኋላ ኦሮራ ወሰዱኝ። ሰፈሩን ኦሪጅናል ኦሮራ ይሉታል፤ ኮልፋክስ የሚባል ረጅም አውራ ጎዳና ያቋርጠዋል፤ ሱቁ፣ ሬስቶራንቱ፣ ፀጉር ቤቱ ግማሹ የእኛ ፊደል ተጽፎበታል። አስቴር በሩን ከፍታ በአንድ ጉንጭ ሳመችኝ። ማኅሌት ከኋላዋ ቆማለች። ከእናቷ በላይ ሆናለች፣ ከእኔም አታንስም። ሳቅፋት ትከሻዋ ጠንካራ ነው፤ ያቀፍኩት የማላውቀውን ሰው ነው። «ሃይ አባዬ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ከአፌ የወጣው «ከሳሽ» የሚል ነው፤ ከምን አንጻር እንደከሳች እግዜር ይወቀው።

ታኬታውን ሰጠኋት። እግሯን ልታስገባ ሞከረች፣ ተረከዟ ጋ ቀረ። «ኢትስ ኦኬ፣ በጣም ያምራል» አለችና ሳጥኑን ከነክዳኑ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችው።

እራት ላይ አስቴር ሕጉን ነገረችኝ። አስቴር በትምህርቷ ከአሥራ ሁለተኛ አላለፈችም፤ በዚህ ምልመላ ጉዳይ ግን ጠበቃ ሆናለች። ልጅቷ የተጫወተችበትን ቪዲዮ ራሷ ቆራርጣ ለኮቾች ትልካለች። ኢሜይል የምትጽፈው ራሷ ናት፤ ወላጅ ከጻፈ ኮቹ «ይህቺ ልጅ አፍ የላትም» ይላል። ጨዋታ ላይ ወላጅ አይጮህም። ዳኛ አይሰደብም። ቦርሳዋን ወላጅ አይሸከምም። ኮች የምታየው ኳሱን ብቻ አይደለም፤ ተቀይራ ስትወጣ እንዴት እንደምትቀመጥ፣ እናቷን እንዴት እንደምትናገር ሁሉ ታያለች። እኔ ገረመኝ። እኛ ዘንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚናገረው አባት ነው፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። «እኔ ታዲያ ምን ልሥራ?» አልኳት። «ሰኞ ኮቿ ስትጠይቅህ ትመልሳለህ። እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው፤ እሱን አልፈራም» አለችኝ። ማኅሌት ስልኳን እያየች ነበር። ቀና ብላ «አባዬ፣ ጀስት ቢ ናይስ» አለች።

ሐሙስ በረዶ ጣለ። ዓለም ሁሉ ዝም አለ። የጋሽ ተስፋይ መኪና ከግቢው መውጣት አቃታት፤ ልገፋ ወርጄ ከቦሌ በመጣሁበት ጫማ ተንሸራትቼ በጀርባዬ ወደቅሁ። ከማዶ ያሉት አሜሪካዊ ሽማግሌ አካፋቸውን ይዘው መጡ፣ ደጃችንን ጠርገው መኪናዋን አወጡልን፤ የእኔን ስስ ጃኬት ካዩ በኋላ ገብተው የራሳቸውን ወፍራም ካፖርት አምጥተው አለበሱኝ። «አይ፣ ግዴለም፣ አይቸግርም» ስል ካፖርቱን መልሰው ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ተስፋይ ቶሎ «ይፈልገዋል፣ ይፈልገዋል» ባይሏቸው ኖሮ ቀርቶብኝ ነበር። ያን ካፖርት እስከምመለስ ለበስኩት። ዓርብም በረዶው አልቀለጠም፤ ቤት ዋልን።

ቅዳሜ ጨዋታው ሰው ሠራሽ ሣር ወዳለበት ሜዳ ተዛወረ፤ ኦሮራ ውስጥ ነው። አዳማ ውስጥ አንድ ደህና ሜዳ ብርቅ ነው፤ እዚያ ጎን ለጎን የተደረደረ ሜዳ አየሁ፣ ሁሉም ላይ ሴት ልጆች ይሯሯጣሉ። ወላጆቹ የሚታጠፍ ወንበራቸውን ይዘው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አስቴር ክንዴን ነካችኝና «ኮቿ ያቻት፣ ጥግ ላይ ብቻዋን የቆመችው፣ ኮፍያ ያደረገችው። እሷ ናት። አትያት» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንገቴ ወደዚያ እንዳይዞር ስጠነቀቅ ደረቀ።

ጨዋታው ተጀምሮ ጥቂት እንደቆየ ከአጠገቤ የተቀመጠች ነጭ ሴት «ካሳ! ካሳ!» ብላ ተጣራች። ብድግ አልኩና «አቤት» አልኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። አስቴር በካፖርቴ ጎትታ አስቀመጠችኝ፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው፣ ከስንት ዓመት በኋላ። ማኅሌት ስትዞር ጀርባዋን አየሁት፤ ከቁጥሩ በላይ በትልቁ ስሜ ተጽፏል። እዚያ አገር በአባት ስም ነው የሚጠራሩት። የቡድን ጓደኞቿ፣ የጓደኞቿ እናቶች፣ ዳኛው ሁሉ ልጄን ካሳ እያሉ ነው የሚጠሯት። ሰባት ዓመት አጠገቧ አልነበርኩም፤ እሷ ስሜን ለብሳ ስትሮጥ ኖራለች። መሐረብ አውጥቼ ብርዱ ነው እያልኩ አፍንጫዬን ጠረግሁ።

ቦታዋ መሀል ሜዳ ነው፤ አማካይ ናት። ስለ ኳስ ብዙም አላውቅም፤ ስለዚህ ኳሱን ትቼ እሷን ብቻ አየሁ። ኳስ ሳይደርሳት በፊት አንገቷን ወደ ግራም ወደ ቀኝም ታዞራለች፣ አስፋልት እንደሚሻገር ሰው። አንዲት ጓደኛዋ ኳስ አበላሽታ ጎል ሲቆጠር ሌሎቹ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ፤ ማኅሌት ግን ሄዳ ልጅቷን በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻትና ኳሱን ከመረቡ አውጥታ ወደ መሀል ይዛ ሮጠች። ኋላ እሷም ራሷ ኳስ ተነጠቀች። ሜዳውን ሙሉ አሳድዳ መልሳ ወሰደችው። ተሸነፉ። ሲያልቅ ወደ እኛ መጣች፣ እኔም ደንቡን ረስቼ ቦርሳዋን ተቀበልኳት። «ኖ አባዬ» አለች በለሆሳስ፤ እኔ ስስብ እሷ ስትስብ ትንሽ ቆየን። እኔ ለቀቅሁ። ጎበዝ ልላት አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ «ብርድ እንዳይመታሽ፣ ልብስ ደርቢ» አልኳት።

እሑድ ቅዳሴ ሄድን፤ ማኅሌት መኪና ውስጥ ለሰኞው የምትናገረውን ከእናቷ ጋር ስታጠና ነበር። ለምን ይህን ኮሌጅ እንደመረጠች፣ ነርስ መሆን እንደምትፈልግ፣ ከየት እንደመጣች። ደጋግማ፣ ደጋግማ።

ሰኞ ኮሌጁ ግቢ ሄድን። ስሙን አልጠራውም። ኮቿ ሊን ትባላለች፣ ቆፍጠን ያለች፣ ዐይን ዐይን እያየች የምትናገር ሴት ናት። «ሚስተር ካሣ» ብላ ጨበጠችኝ፤ አስቴርን ደግሞ «ሚስስ ካሣ» ስትላት አስቴር ጥርሷን ነክሳ ፈገግ አለች። ስለ ቡድኗ፣ ስለ ትምህርቱ ነገረችን። ለዚህ ቦታ ሁለት ሦስት ልጆች እያየች እንደሆነ አልደበቀችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «ከሩቅ ነው የመጡት። እስቲ ስለ ልጅዎ ይንገሩኝ፤ ምን ባውቅ ይጠቅመኛል?» አለችኝ።

እዚህ ላይ አንባቢ ይፍረድ። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ አባቴ መምህሩ ፊት አቁሞኝ «ይኸው፣ ምንም አያውቅም፣ ሰው አድርጉልኝ» ነው ያለው። ሃያ ዓመት ሳስተምር ወላጅ ሁሉ ለእኔም የሚለኝ ይህንኑ ነው። «ደካማ ነው፣ ይቆጡልኝ» ይሉኛል፤ እኔ «ኧረ ጎበዝ ነው፣ አይስጉ» እላለሁ፤ ወላጅም ደስ ብሎት ይሄዳል። ልጁን አስተማሪ ፊት የሚያሞግስ አባት ካጋጠመኝ ስድ ነው ብዬ ነው የምንቀው። ስለዚህ ተነስቼ ቆምኩና በዚያ በምኮራበት እንግሊዝኛዬ እንዲህ አልኩ፦ «በጣም አመሰግናለሁ። ልጄ ገና ናት። ብዙም አታውቅም፤ ጎበዝ ናት ብዬ ልነግርዎ አልችልም። ለእርስዎ ሰጥቼዎታለሁ፣ ያስተምሩልኝ። ካጠፋች ይቅጧት።»

ተቀመጥኩ። «ኧረ ጎበዝ ናት» እስክትለኝ ጠበቅሁ።

ኮች ሊን «ለግልጽነትዎ አመሰግናለሁ» አለችኝ፤ ከልቧ ነው። አስቴር «የሚለው እንደዚያ አይደለም፣ የአገራችን አነጋገር ነው» ልትል ጀመረች፣ ቃሉ አልመጣላትም። ኮቿ በትሕትና ነቀነቀችና ወደ ማኅሌት ዞራ «አንቺስ?» አለቻት። ልጄ ፊቷ ቀልቷል። ሳምንት ሙሉ ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። «አይ ወርክ ሃርድ» አለች። ጠንክሬ እሠራለሁ ማለቷ ነው፤ በዚያው አበቃ።

መኪና ውስጥ ማኅሌት ከኋላ መስኮቱን ብቻ ታያለች። ቤት ስንደርስ ገብታ በሯን ዘጋች። አስቴር ደረጃው ላይ አቆመችኝ።

«ምን ነካህ?»

«ሥርዓት ነው የተናገርኩት። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። እዚህ እንደመጣሁ ለሥራ ሲጠይቁኝ ‹ብዙ አልችልም፣ እሞክራለሁ› ብዬ ሁለት ቦታ አልተቀጠርኩም። እኔ ራሴን ነው የጎዳሁት፣ ተማርኩበት። አንተ ግን የልጅቷን ዕድል ነው ያበላሸኸው። ለዚህች ቀን ከስንት ጊዜ ጀምሮ ስትለፋ ነው የኖረችው።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርግ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ለጋሽ ተስፋይ ነገርኳቸው። ይመክሩኛል ብዬ ነበር። ሾርባቸውን እያማሰሉ ቆዩና «እኔም ልጅ አለችኝ፣ ቺካጎ። በሕይወቴ ጎበዝ ብያት አላውቅም። ጎበዝ ናት እኮ፣ ሐኪም ናት። በበዓል በበዓል ትደውላለች» አሉኝ። ያን ማታ ሾርባው አልወረደልንም፣ ለሁለታችንም።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ደጁ ላይ ጡሩምባ ሰማሁ። ማኅሌት ናት፣ የእናቷን መኪና እየነዳች። አዳማ የማውቃት ልጅ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ ነበር የምትቀመጠው። አጠገቧ ገባሁ፣ ቀበቶ እሰር አለችኝ። ብዙ ነድታ ፓርክ ሂል የሚባል የዴንቨር ሰፈር ወሰደችኝ፤ ዛፎቹ ሽማግሌ ናቸው፣ ቤቶቹ የጡብ። ስትጨነቅ እዚህ እየመጣች እንደምትሮጥ ነገረችኝ። አንድ ዛፍ ሥር ፓርክ አደረገችና ሞተሩን አጠፋች።

«ያልከው ነገር፣ እውነትህን ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን አልከው?»

«እኛ ዘንድ አባት ልጁን ሰው ፊት አያሞግስም። ነውር ነው።»

«እኔ ፊትስ?»

«አንቺም ፊት አይባልም። ልጅ ይበላሻል ይባላል።»

መሪውን እንደያዘች አሰበች። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየፈለገች፣ «ሰው ፊት አይባልም። እኔም ፊት አይባልም። ታዲያ ለእኔ ማን ይንገረኝ?» አለች።

ቅዳሜ ያየሁትን ነገርኳት። ኳስ ሳይመጣ ዞር ዞር ብላ እንደምታይ። የተሳሳተችውን ልጅ ብቻዋን እንዳልተወቻት። የተነጠቀችውን አሳድዳ እንዳስመለሰች። ሰው ልጁን ሲያመሰግን ምላሱ እንዲህ የሚከብድ አይመስለኝም ነበር። «ጎበዝ ነሽ» አልኩ በመጨረሻ። «በጣም ጎበዝ ነሽ። ኮርቼብሻለሁ። እናትሽ በደንብ አሳድጋሻለች።»

«ይህን ሁሉ በአንድ ጨዋታ አየህ?»

«ሌላ የማየው ምን አለኝ? አንቺን ነው ያየሁት።»

ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። ለኮቿ ልጻፍላት ወይ አልኳት። «ኖ፣ ወላጅ አይጽፍም» አለችና ስልኳን አወጣች። እሷው ጻፈች፤ አባቷ የተናገረው በአገሩ የአክብሮት ልማድ እንደሆነ፣ እሷም በድንጋጤ ዝም እንዳለች፣ ሊጠይቋት ከፈለጉ አሁን መልስ እንዳላት። ከመላኳ በፊት አነበበችልኝ። አንድ ቃል ላርምላት አሰብኩና ተውኩት፤ የእሷ ነው።

ረቡዕ ጋሽ ተስፋይ አየር ማረፊያ አደረሱኝ፤ የሽማግሌውን ካፖርት እንዲመልሱልኝ ሰጠኋቸው። ማኅሌት ትሬኒንግ ቀርታ መጣች፣ የሚያስከትለውን እያወቀች። ኮች ሊን መልሳላት ነበር፦ ስለ ጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ፣ በወሩ መጨረሻ አሳውቃለሁ። ከዚያ በላይ የለውም። ደጋግመን ብናነበውም ከዚያ በላይ አልወጣውም።

አዳማ ሙቀት ተቀበለኝ። ትምህርት ጀመርኩ። ወሩ አለቀ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፤ እነሱ ዘንድ ገና ማለዳ ነው። ማኅሌት በቪዲዮ ናት፣ ፀጉሯ እርጥብ ነው። በእንግሊዝኛ ቶሎ ቶሎ ነገረችኝ፤ ኮች ሊን ሌላ ልጅ ወሰደች፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት፣ በእሷው ቦታ የምትጫወት። ማኅሌት ወዲያው ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ባንተ ምክንያት አይደለም እሺ? ኮቿ ራሷ ነግራኛለች። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

ኮቿ ይህን አላለችም። እዚያ አገር አንድ ሳምንት ከርሜ ይህን ያህል ተምሬያለሁ፤ ሰዎቹ እንዲህ ያለ ነገር ቁጭ ብለው አያስረዱም። ልጄ እንዳይከፋኝ ነው የዋሸችልኝ፣ እንደ እኛ ሰው። ማንም ሳያስተምራት። አላመንኳትም። «እሺ ልጄ» አልኳት።

«ሌላ ኮች አለች፣ ነብራስካ ክፍለ ግዛት ካለ ኮሌጅ» አለች። «ሐሙስ ቤተሰብ በቪዲዮ ታነጋግራለች። ትገባለህ?»

«እናትሽ ትበቃለች፤ እኔን እዚያ ምን አስገባኝ።»

«አይ፣ አንተም ግባ። ግን መጀመሪያ እኔ ላይ ተለማመድ። አሁን።»

«ታክሲ ውስጥ እኮ ነኝ።»

«ሰው አለ?»

«ሞልቷል።»

«ይሻላል» አለች።

ከጎኔ ቅርጫት ያቀፉ እናት አሉ፣ ከፊቴ ሦስት ተማሪዎቼ፣ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ስልኬ ውስጥ ያለችውን ልጅ እያዩ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ልጄ ማኅሌት ካሣ በጣም ጎበዝ ናት» ብዬ ጀመርኩ።